ነሃስ ተብሎ ስለሚሸጠው ናስ፣ ስለ ደወል፣ ስለ ድስትም

ባህር ዳር ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እየዞረ የሚቆረጥበት) ለሚሰራ ሰው የማያልቅ ክርክር ቢኖር ይሄ የነሃስ ነገር ነው። ደንበኛው ቢጫ ነገር በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል፣ "ነሃስ ነው፣ ከዚህ ቡሽ አውጣልኝ" ይላል (ቡሽ ስል የጠርሙሱን አይደለም፣ ዘንግ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት ነው)፣ እኔ ሞረድ አንዴ ሳብ አደርግበትና አየዋለሁ፣ የውሃ ቧንቧ ቫልቭ የነበረ ናስ ነው። ይሄን ስነግረው ደሞ ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱም የሸጠለት ሰውዬ በነሃስ ዋጋ ነው የሸጠለት። ገበያ ላይ ሁለቱም ነሃስ ስለሚባሉ ሻጩ ዋሸ ማለትም ይከብዳል፣ ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉዱ ይወጣል። አንዴ ልፃፈውና ከዚህ በኋላ ሊንኩን እየላኩ ልረፍ ብዬ ነው።

ነሃስ መዳብ ላይ ቲን ሲገባበት ነው (ቲን ስል የቤት ክዳን ቆርቆሮውን አይደለም፣ እሱ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው)። ናስ ደሞ መዳብና ዚንክ ነው። ለቡሽ የሚሆን ነሃስ ከመቶው 88 ወይ 90 እጁ መዳብ ሆኖ የቀረው በአብዛኛው ቲን ነው፣ የቧንቧ ናስ ግን መዳቡ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ዚንኩ ወደ 40 ይጠጋል፣ እላዩ ላይ ደሞ ለመቆረጥ እንዲመች 2 ወይ 3 በመቶ እርሳስ ይጨመርበታል። እውነቱን ለመናገር ቶርኖ ላይ ናሱ ነው የሚመቸኝ፣ ፍቅፋቂው አጭር አጭር ሆኖ ይበተናል፣ ቢላዋውን አያስቸግርም (እጅ ውስጥ ሲገባ ግን እግዜር ያውጣችሁ)። ዋጋው የሚለያየው ደሞ በቲኑ ነው፣ ቲን በዓለም ገበያ ከመዳብም ይወደዳል፣ ዚንክ ግን ከመዳብ በጣም ይረክሳል።

አሁን ወደ ጣና ጀልባ እንምጣ። ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደው የብረት ዘንግ ከጀልባው ወለል በታች የሚዞረው ቡሽ ውስጥ ነው፣ ቡሹ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው፣ ውሃው ደሞ ክረምት ላይ ወንዞቹ እነ ጉማራና ርብ አፈሩን ጠርገው ስለሚያመጡት ደለል የበዛበት ነው። ናስ እዛ ሲገባ ሁለት ነገር ይገጥመዋል፣ አንደኛው ያው መበላት ነው፣ ሁለተኛው ግን ተንኮለኛ ነው፦ ዚንኩ ቀስ እያለ ከመዳቡ እየተለየ ወደ ውሃው ይወጣል። ከውጭ ስታዩት ቡሹ ቅርፁ እንዳለ ነው፣ ምንም አልሆነም፣ ቀለሙ ብቻ ከቢጫ ወደ ሮዝ ነገር ይሄዳል፣ በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ስትሉት ግን ይፈረፈራል ምክንያቱም የቀረው ስፖንጅ የሆነ መዳብ ብቻ ነው። አንድ ባለጀልባ ጋሼ እንደዚህ የሆነ ቡሽ አምጥተው "አንተ ልጅ፣ ዝጎ ነው እንዴ?" አሉኝ፣ "ጋሼ ዝገት አይደለም፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ቀርቷል" ብላቸው እየቀለድኩ መሰላቸው። ነሃስ ዚንክ ስለሌለው ይሄ በሽታ አያገኘውም፣ የብረት ዘንግ ሲዞርበት ደሞ አይናከስም፣ ለዛ ነው ቡሽ ከሱ የሚሰራው።

ስሙ ራሱ ግን አያስተማምንም። ብዙ የጀልባ ፕሮፔለር "ማንጋኒዝ ብሮንዝ" ተብሎ ይሸጣል፣ ውስጡን ስታዩት 58 በመቶ ገደማ መዳብና ወደ 40 የሚጠጋ ዚንክ ነው፣ ማለትም ናስ ነው፣ ብረት፣ አሉሚኒየምና ማንጋኒዝ ትንሽ ትንሽ ተጨምሮበት የጠነከረ ናስ። "አሉሚኒየም ብሮንዝ" የሚባለው ደሞ ቲን የሚባል ነገር ዝር አይልበትም፣ መዳብና ወደ 10 በመቶ አሉሚኒየም ነው፣ ለባህር ግን በጣም ጥሩ ከሚባሉት ነው። ስለዚህ ስም አትጠይቁኝ፣ ምን ያህል ምን አለበት ብላችሁ ጠይቁ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ "መዳብ ለስላሳ ነው፣ ቲን ደሞ ከሱ የባሰ ለስላሳ ነው፣ ሁለት ለስላሳ ተቀላቅሎ እንዴት ጠንካራ ይሆናል" የሚለውን ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ንፁህ ብረታ ብረት ውስጥ አተሞቹ እኩል መጠን ሆነው ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ስትቀጠቅጡት ወይ ስታጥፉት አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ ልስላሴ ማለት እሱ ነው። ገበያ ላይ ሎሚ በረድፍ ተደርድሮ አይታችሁ ከሆነ የላይኛውን ረድፍ በእጅ ገፋ ስታደርጉት ሸርተት ይላል፣ መሀል መሀሉ ላይ ብርቱካን ብትሰኩበት ግን ረድፉ ይጎብጥና እንቢ ይላል። የቲን አተም ከመዳብ አተም ተለቅ ያለ ነው፣ ስራው ያ ነው። ቲኑ ሲበዛ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፣ ራሱን የቻለ በጣም ደረቅና ተሰባሪ ውህድ ውስጡ መፈጠር ይጀምራል፣ እሱን ደወሉ ጋ ስደርስ እመለስበታለሁ።

ሌላው የሚገርመው የሙቀቱ ነገር ነው። መዳብ ብቻውን የሚቀልጠው 1085 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቲን 232 ላይ። ቲን ሲገባበት መዳቡ ራሱ ከ1085 በታች ይቀልጣል፣ 10 በመቶ ገደማ ያለው ነሃስ 1000 ዲግሪ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ ነው። በወናፍና በከሰል ለሚሰራ ሰው ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም፣ በዛ ላይ ንፁህ መዳብ ሲቀልጥ አየር ይጠጣና ሲረጋ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ነሃስ ግን ቅርፁን ቆንጆ አድርጎ ነው የሚሞላው።

አቀላለጡ ላይ ቅደም ተከተል አለ። መዳቡ ይቀድማል፣ አየር እንዳያገኘው ላዩ ላይ ከሰል ይደረግበታል፣ ትንሽ ቦራክስም (ቆሻሻውን የሚያነሳ ነጭ ዱቄት)፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ መጨረሻ ላይ ቲኑ ይገባል፣ ይማሰላል፣ ብዙ ሳይቆይ ይፈሳል። ቲኑን መጀመሪያ ብታስገቡት ተቃጥሎ አመድ እየሆነ ይባክናል፣ ውድ ነገር ደሞ ነው። ቅርፁ የሚፈስበት ጭቃ ወይ አሸዋ በደንብ መድረቅ አለበት፣ እርጥበት ካለው ውሃው በቅፅበት እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ብረት ወደ ፊታችሁ ነው የሚረጨው፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ዚንክ ግን አስቸጋሪ ነው። 420 ላይ ይቀልጣል፣ 907 ላይ ይፈላል። መዳብ ገና 1085 ነው የሚቀልጠው። ማለትም የቀለጠ መዳብ ላይ ዚንክ ስትጨምሩ ዚንኩ እየፈላ ነው፣ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ድሮ ሰዎች ይሄን ሳያውቁ በብልሃት ነው ያለፉት፣ ዚንክን ብቻውን ሳያወጡ ዚንክ ያለበትን ድንጋይ ከከሰልና ከመዳብ ቁራጭ ጋር በተዘጋ ሸክላ ውስጥ አድርገው ያግሉታል፣ ጭሱ ማምለጫ ሲያጣ መዳቡ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲከፈት ናስ ሆኗል። የሮማ የናስ ሳንቲም እንደዛ የተሰራ ነው።

ይሄ ነጭ ጭስ እዚህ ከተማ ውስጥ የየቀን ጉዳይ ነው ግን ማንም አያወራለትም። ብየዳ ቤት ጋልቫናይዝድ ቱቦ የሚበይዱ ልጆች አሉ፣ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ይጨሳል፣ ቀን ምንም አይሉም፣ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አፋቸው ሳንቲም ሳንቲም ይላል። ባህር ዳር ደሞ ወባ ያለበት አገር ስለሆነ ሁሉም "ወባ ነች" ነው የሚለው፣ ጠዋት ወይ በማግስቱ ይለቃቸዋል፣ መድሃኒቱ ሰራ ይባላል። ወተት ጠጣበት የሚባለውም ነገር አለ፣ እኔም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፣ ወተት ሳንባ ውስጥ የገባውን ምንም አያደርገውም። የሚሰራው ላዩን ዚንክ ከመበየድ በፊት በግራይንደር መፋቅና ንፋስ ያለበት ቦታ መስራት ነው። በእርግጥ ወባም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ተመርመሩ፣ ግን ለሃኪሙ ቀን ምን ስትበይዱ እንደዋላችሁ ንገሩት።

ወደ ነሃሱ ልመለስ። ቲን በየቦታው የሚገኝ ነገር አይደለም፣ መዳብ ያለው አገር ብዙ ጊዜ ቲን የለውም። ለዛ ነው የነሃስ ዘመን የሚባለው ጊዜ ሰዎችን በግድ ሩቅ ለሩቅ ያነጋገደው። ቱርክ የባህር ዳርቻ ላይ ኡሉቡሩን የሚባል ቦታ በ1982 (በፈረንጆቹ) አንድ ስፖንጅ ጠላቂ ባህር ውስጥ የሰመጠ መርከብ አገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የሰመጠ ነው። ጭነቱ 10 ቶን ያህል መዳብና 1 ቶን ያህል ቲን ነበር። አስር ለአንድ! የነሃስ ልክ እዛው መርከቡ ላይ ተመዝኖ ተጭኗል። እኔ ይሄን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ያዘዘው ሰውዬ ነው፣ ምን ያህል ቢጠብቅ ይሆን።

ከቲን በፊት ደሞ አርሰኒክ ነበር፣ አርሰኒክ ያለበት መዳብም ይጠነክራል፣ ግን ሲቀልጥ ጭሱ መርዝ ነው፣ ቀስ በቀስ ሰዎቹ ወደ ቲን የዞሩበት አንዱ ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እኛ አገር ብንመጣ አክሱሞች ከወርቅና ከብር ሌላ በነሃስም ሳንቲም ይመቱ ነበር፣ አንዳንዱ የነሃስ ሳንቲም ላይ መስቀሉ ብቻ በወርቅ የተለበጠ ነው፣ ያንን በዛች ትንሽ ነገር ላይ የሰራ እጅ ምን አይነት እጅ ነው ያሰኛል። ለኛ የሚቀርበው ግን ጋፋት ነው፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከባህር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዛ ነው፣ ሰራተኞቹ ደሞ እነ ዋልድማየር፣ መድፍ ለመስራት ሳይሆን ወንጌል ለማስተማር የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ናቸው። መጀመሪያ የሞከሩት ከሽፎባቸዋል። እና አይገርምም! ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ነው፣ 70 ኩንታል ነሃስ ባንድ ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ባንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት፣ መሀል ላይ ቢቋረጥ የመጀመሪያው ረግቶ ሁለተኛው አይያያዝም፣ መድፍ ላይ ያ ማለት ሲተኮስ እዛው ይሰነጠቃል። ሰው ሁሌ የሚያወራው በ1860 ዓ.ም መቅደላ ድረስ ተራራ ለተራራ እንዴት እንደተጎተተ ነው፣ ልክ ነው ያም ይገርማል፣ እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ቀለጣው ነው።

የመድፍ ነሃስ ቲኑ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ሲተኮስ ትንሽ መለጠጥ አለበት እንጂ መሰበር የለበትም። ደወል ግን በተቃራኒው ነው፣ ወደ 22 በመቶ ይወጣል። ቅድም ያልኩት ደረቅና ተሰባሪ ውህድ ሲበዛ ንዝረቱን የሚውጥ ለስላሳ ነገር ያንሳል፣ ስትመቱት ድምፁ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ዋጋው መሰበር ነው፣ የደወል ነሃስ ቢወድቅ እንደ ሸክላ ነው። የጣና ገዳማት ሄዳችሁ ከሆነ የድንጋይ ደወል አይታችኋል፣ ተንጠልጥሎ በሌላ ድንጋይ የሚመታ፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ነገሩ አንድ ነው፣ ጥቅጥቅና ደረቅ ስለሆነ ንዝረቱን አይውጠውም። አንዳንድ ቤተክርስቲያን ደሞ የድሮ መድፍ ቀለህ ተሰቅሎ እንደ ደወል ይመታል፣ እሱ ናስ ነው፣ መዳቡ 70 ዚንኩ 30፣ የሚለጠጥ እንዲሆን የተሰራ ነው እንጂ እንዲጮህ አይደለም፣ ስለዚህ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። የሚሰራውን ስራ ግን ይሰራል፣ ሰው ይቀሰቅሳል።

የመስቀል አሰራሩን አልገባበትም፣ በሰም ቅርፅ አውጥቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ አፍስሶ ባዶው ላይ ብረቱን መሙላት ነው፣ ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይሄን ከኔ በላይ ያብራራዋል። አንድ ነገር ግን ልበል፣ ይሄን ሁሉ የሰሩ ሰዎች ልጆች "ቀጥቃጭ" እየተባሉ እየተሰደቡ ነው የኖሩት፣ ጋብቻ እየተከለከሉ፣ በአይናቸው ሰው ይበላሉ እየተባሉ። መስቀሉን እየሳምን ሰሪውን መናቅ ምን እንደሚባል አላውቅም። እሺ አለፈ።

ጠገራ ብር ያላቸው አያት ካላችሁ፣ ማርያ ትሬዛዋ፣ እሷም ቅይጥ ናት። 28 ግራም ነች፣ ከዛ ውስጥ ብሩ 83.3 በመቶ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ፣ ብር ብቻውን ቢሆን በኪስ ውስጥ እየተፋተገ ያልቃል። ላይዋ ላይ 1780 ስለሚል ብቻ የዛን ዘመን ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ከዛ በኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 ነው የሚለው። ወርቅም እንደዛው፣ 24 ካራት ንፁህ ነው፣ 21ዱ 87.5 በመቶ፣ 18ቱ 75 በመቶ፣ የቀረው ብርና መዳብ ነው፣ መዳቡ ሲበዛ ወደ ቀይ ይሄዳል። ስለዚህ "ቀይ ወርቅ ነው፣ ንፁህ ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ካራቱን የሚያሳይ ማህተም ጠይቁ።

ሶልደር ደሞ በጣም የምወደው ቅይጥ ነው። ሞባይል ጥገና ቤት ያለው። እርሳስ 327 ላይ ይቀልጣል፣ ቲን 232 ላይ፣ 63 ቲንና 37 እርሳስ ስታደርጉት 183 ላይ! ከሁለቱም በታች። ይሄን ያልሰማ ሰው አማካኙ ይሆናል ብሎ ነው የሚገምተው። እርሳስ የሌለበት አዲሱ አይነት ቲን ላይ ትንሽ ብርና መዳብ ያለበት ነው፣ እሱ ወደ 217 ይፈልጋል፣ ልጆቹ "አይቀልጥም፣ ፌክ ነው" የሚሉት ካውያቸውን ከፍ ስለማያደርጉት ነው።

መቀላቀል ሁሌ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። ለኤሌክትሪክ ገመድ ንፁህ መዳብ ነው የሚፈለገው፣ ናስ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብ ሩብ ነገር ነው፣ ያ የተለያየ መጠን ያለው አተም ብረቱን እንዳጠነከረው ኤሌክትሮኑንም መንገድ ይዘጋበታል። ብረት ላይ ደሞ ካርቦን፦ ፌሮ ውስጥ ያለው ከ1 በመቶ በጣም ያነሰ ነው፣ ከ2 በላይ ሲያልፍ ጊዛ ይሆናል፣ በመዶሻ ሲመታ የሚሰበረው። እስቴንለስ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለበት። ማንኪያ ላይ ማግኔት ያዘ ማለት የግድ ፎርጂድ ነው ማለት አይደለም፣ ኒኬል የሌለው እስቴንለስ ማግኔት ይይዛል፣ የረከሰ ነው እንጂ እስቴንለስ ነው።

ቁራሌ ከሚሰበስቡት ልጆች ቢጫ ነገር ስትገዙ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ላይ ቀለም የተለበጠ ነው፣ በቃ ተመለሱ። አሮጌውን አስር ሳንቲም ማግኔት አይስበውም፣ ናስ ነው፣ ከዛ በኋላ የመጣውን ይስበዋል ምክንያቱም ውስጡ ብረት ነው፣ በዛ መለማመድ ትችላላችሁ። ማግኔት ካልያዘ ሞረድ ሳብ አድርጉና አዲሱን ቁርጥ በቀን ብርሃን እዩት፣ ናስ ወደ ሎሚ ቢጫ ይሄዳል፣ ነሃስ ወደ ቡናማ ቀይ። ጥርጣሬ ካለ ቶርኖ ቤት አምጡት፣ ፍቅፋቂውን አይቼ እነግራችኋለሁ፣ ለማየት አላስከፍልም። ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ቢጫ ነገር ሁሉ አንድ ላይ ቀልጦ "ነሃስ" ተብሎ የመጣ ድፍን ዘንግ ከሆነ ግን ለጀልባ አልሰራላችሁም፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያቀለጠውም ሰውዬ አያውቀውም፣ ለበር እጀታ ይሆናል።

የመጨረሻው ስለ ድስት ነው። ከቆሻሻ አሉሚኒየም ቀልጦ አሸዋ ውስጥ ፈሶ የሚሰራው ወፍራም ድስት፣ ሁላችንም ቤት አለ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ በከሰል በቀላሉ ይሰራል፣ ችግሩ እዛ እሳት ውስጥ የሚገባው ነገር ነው፦ የሞተር ብሎክ፣ የራዲያተር ቁራጭ፣ ሶልደር የተጣበቀበት የኤሌክትሮኒክስ እቃ፣ የመጣው ሁሉ። ካሜሩንን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች በዚህ አይነት ድስት ላይ ምርመራ ተደርጎ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል፣ ኮምጣጣ ነገር ሲፈላበት ወደ ምግቡ የሚወጣው ደሞ ይጨምራል፣ እርሳስ ህፃን ልጅ ላይ ደሞ የከፋ ነው። አክስቴን ይሄን ብነግራት "አንተስ በዚህ ድስት አይደል እንዴ ያደግከው!" አለችኝ፣ መልስ የለኝም። ቢያንስ ቲማቲም የበዛበት ስልስና ሎሚ የገባበት ነገር አትስሩበት፣ ወጥም አታሳድሩበት፣ ሲበርድ ወደ ሌላ እቃ ገልብጡት። ውስጡን በሽቦ እየፈተጋችሁ አታብለጭልጩት፣ ያ ደብዘዝ ያለው ሽፋን ትንሽም ቢሆን ስለሚከላከል ይቀመጥ።